የኋላው ጭነት

ጥቅምት 4 ቀን

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። ወገብዎስ ተሻለዎ? ቤቱ ደህና ነው። ስፌቱም ዓይኔን ይዞ ካልሄደ ደህና ነው። እማዬም ደህና ናት።

ጋሼ፣ ሁለት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ሲቸግረኝ ብቅ በማለቴ አይቀየሙኝ። ነገሩ ከእርስዎ ሌላ የሚጠየቅበት ሰው የለም። ከመጋዘኑ ጣሪያ ሥር አንጠልጥለዋት የሄዱትን ባለ ሁለት መቀመጫ ካያክ ጀልባ አውርጃታለሁ። አቧራዋን ጠርጌ፣ አንዲት ስንጥቅ በሙጫ ደፍኜ ውሃ ላይ ባስቀምጣት አንድ ጠብታ አላስገባችም። እጅዎ ይባረክ።

ያወረድኳት ቅብጠት አምሮኝ አይደለም። ከደሴታችን ወደ ከተማው ይመላለስ የነበረው የሞተር ጀልባ ከቆመ አራት ወሩ ነው። ባለሞተሩን በጠየቅነው ቁጥር «መለዋወጫው መንገድ ላይ ነው» ይላል። ምን ዓይነት መንገድ እንደሆነ እንጃ፣ በእግሩ እየመጣ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ የሰፋሁትን ልብስ በየማክሰኞው ራሴ ቀዝፌ አደርሳለሁ።

እኔ ከፊት እቀመጣለሁ። ጭነቱ የኋለኛው መቀመጫ ላይ ነው፤ ስልሳ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ከሱ በስተኋላ ባለው የዕቃ ጓዳ ደግሞ ሁለት ባለ አምስት ሊትር የውሃ ጀሪካን፣ ብርድ ልብስና አንዳንድ ነገር አለ። ጠዋት ስንሄድ ነፋሱ ከደሴቱ ስለሚነሳ ከኋላ እየገፋ ያደርሰናል። ጭንቁ መመለሻው ላይ ነው። አፍንጫዋን ወደ ቤት ላዞር ስል እንደ ግትር በቅሎ እምቢ ብላ ነፋሱን ተከትላ ትሸሻለች። ያለፈው ማክሰኞ ትከሻዬ ተነቅሎ የቀረ መስሎኝ ነበር። ስሄድም ስመለስም ክብደቷ ያው ነው፤ ታዲያ ምን ላድርጋት?

በጽሑፍ ይመልሱልኝ። ስልክ አይደውሉ፤ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ወሬ ይሰማል።

የእህትዎ ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ


ጥቅምት 27 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለመርፌ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስሽ። ከነቤተሰብሽ አንድዬ ይጠብቅሽ። አሁን ትልቅ ሴት ብትሆኚም በልጅነት ስምሽ መጥራቴን አልተውኩም፤ ያኔም ቀጭን ነበርሽ፣ ያኔም ትወጊ ነበር።

እኔ ያለሁት ከወደቡ ጀርባ ባለው የጀልባ መጠገኛ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የምሠራው አንቺ የጠየቅሽኝን ነው። ሰዎች ካያካቸውን ተሸክመው ይመጡና «ነፋስ ሲነሳ አትታዘዝም» ይሉኛል። እኔ ትልቁ ገንዳ ውስጥ አስገብቼ አሸዋ የሞሉ ከረጢቶች ወዲያና ወዲህ እያደረግሁ ፊቷንና ኋላዋን አመዛዝናለሁ፤ ውሃው የደረሰበትንም በጠመኔ አሰምራለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ነፋስ የሚወስደው የቀለለውን ጫፍ ነው። ያንቺ ጀልባ ጅራቷ ከብዶ ውሃ ውስጥ ተተክሏል፣ አፍንጫዋ ቀሎ አየር ላይ ቀርቷል። ስለዚህ ነፋሱ አፍንጫዋን ይዞ ያዞራታል። ሁለቱን ጀሪካኖች አውጥተሽ ወደ ፊት ጓዳ አስገቢ። የኋለኛውን መቀመጫ የያዙትን ሁለት የእንጨት ካስማዎች ንቀይና አንድ ቀዳዳ ወደፊት ትከያቸው። ከዚያ ረጋ ያለ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ጭነቱ እንዳለ አቁሚያትና በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል ወለሉ ላይ አንድ ስኒ ውሃ አፍስሺ። ውሃው ወደ ጅራት ከሸሸ ገና ነው። መሐል ላይ ካመነታ ደርሰሻል። የራስሽን ክብደት በድንጋይ መተካት እንዳትረሺ።

ጅራቷ ከብዶ፣ ነፋሱም ከደሴቱ ወደ ክፍቱ ባሕር እየነፈሰ እንዳትወጪ። ይህ ምክር አይደለም፣ ልመና ነው።

አሁን ደግሞ የኔን ጥያቄ መልሺ። እናትሽ እትዬ ያቺን ጀልባ ማውረድሽን ታውቃለች? «እጅህ በሠራው ነገር ላይ እስክሞት አልቀመጥም» ያለችኝ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል፤ አንቺም ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነሽ ሰምተሻል። ሌላም ነገር አለ። ልብስ ሰፊ ከተማ ስትሄድ ከብዳ ስትመለስ ትቀላለች ብዬ አስብ ነበር። ያንቺ ልብስ ገዢ የለውም እንዴ፣ እንደሄደ የሚመለሰው? «ስንሄድ»ም ብለሻል። አንቺና ጨርቁ ናችሁ?

አጎትሽ አናጢው


ኅዳር 19 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን። ምክርዎ ሠርቷል። ጀሪካኖቹን ወደ ፊት አዛውሬ መቀመጫውን አንድ ቀዳዳ ባስጠጋው አፍንጫዋ ውሃ ነክሶ ቀጥ አለች። ስኒውንም ሞክሬዋለሁ፤ ውሃው መሐል ላይ ቆሞ እንደተቀየመ ሰው ወዲህም ወዲያም አልል አለ። ያን ዕለት ስመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘፈን አንጎራጎርኩ።

ስለ ጭነቱ የጠየቁኝን በተመለከተ፣ ወስጄ አስረክቤ ሌላ ተቆርጦ የሚሰፋ ይዤ እመለሳለሁ። ስለዚህ ክብደቱ ይቀራረባል። «ስንሄድ» ያልኩት እኔና ጀልባዋን ነው። እማዬ ስለ ጀልባዋ ምንም አላለችም።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። የኋለኛው መቀመጫ መደገፊያ የለውም። ጀርባን የሚይዝ፣ ደግሞ የማይቆረቁር ነገር እንዴት ይሠራል? ወለሉ ላይስ ምን ላንጥፍ? ማዕበሉ ከሥር ሲደልቃት ይነዝራል፤ ጭነቱ መነዘር የለበትም። ፀሐይም እንዳይመታው ጥላ የምሰካበት ቦታ ቢነግሩኝ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 8 ቀን

ለመርፌ፣

ሰላምና ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽን ገንዳው ዳር ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

የጠየቅሽውን ልመልስ። መደገፊያውን ከድሮው የመጋዘን በር ሳንቃ ቁረጪ፤ ስፋቱ ሁለት ስንዝር፣ ቁመቱ ከወገብ እስከ ብብት። የላይኛውን ጠርዝ በሞረድ አለዝቢ። አሮጌ ፍራሽ ቀደሽ ስፖንጁን በላስቲክ ጠቅልለሽ ልበጪው። ያንኑ ስፖንጅ ወለሉ ላይም አንጥፊ። ጥላውን ግን አልመክርሽም፤ ነፋስ ጥላ አገኘ ማለት ሸራ አገኘ ማለት ነው። የግድ ከሆነ ዝቅ አድርገሽ እሰሪው፣ ነፋሱ ሲነሳ ወዲያው እጠፊው።

ይኸው መለስኩልሽ። አሁን እኔ ልናገር። ጨርቅ ጀርባውን አያመውም፣ መርፌ። ጨርቅ መነዘር አይፈራም። ፀሐይ ቢመታው ይደርቃል እንጂ ምን ይሆናል? እኔ እንጨት ስጠርብ ብኖርም ጭንቅላቴ እንጨት አይደለም።

እዚህ መጠገኛችን ውስጥ አንድ ደንበኛ ነበረን። ለስላሳ፣ አመስጋኝ ሰው። በየወሩ እየመጣ «ከኋላ ይህን ያህል ብጭን፣ ነፋሱ እንዲህ ቢሆን» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። እኔም እንደ ጅል አስተምረው ነበር። ኋላ ፖሊሶች መጥተው የጠመኔ መስመሮቼን ፎቶ አነሱ። ምን ይጭን እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። አለቃዬ ግን ከዚያ ወዲህ «አናጢው፣ ጭነቱን ሳታይ ጀልባ አታመዛዝን» ይለኛል።

ስለዚህ ምን እንደምትጭኚ ንገሪኝ። እትዬስ ለምን ስለ ጀልባዋ «ምንም አላለችም»? እኔ የማውቃት እህቴ ስለ ምንም ነገር ምንም ሳትል አታውቅም።

አጎትሽ


ጥር 25 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዘግይቻለሁ። ምክንያቱን አይጠይቁኝ።

መደገፊያውን ሠርቼዋለሁ፤ ደህና ሆኗል። አሁን ግን ጀልባዋ ሌላ አመል አውጥታለች። ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ድሮ ትሸሸው የነበረችው አሁን አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ታዞራለች። ቀጥ ላድርጋት ብዬ በአንድ ወገን ብቻ ስቀዝፍ መዳፌ ተልጧል፤ መርፌ መያዝ አቃተኝ። ስኒውን ብሞክር ውሃው ወደ ፊት ሮጠ። ሁለቱን ጀሪካኖች ወደ ኋላ ጓዳ መልሼ፣ መቀመጫውንም ወደ ድሮ ቀዳዳው መልሼ ብሞክር እንኳ ውሃው አሁንም ወደ ፊት ይሄዳል። እኔ ምንም አልቀየርኩም። ጭነቱ ያው ነው።

ጋሼ፣ በሞቴ፣ ስለ ጀልባዋ ብቻ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 12 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ከሰባት ሳምንት በኋላ የደረሰኝ ደብዳቤ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ቢሆንም ስለ ጀልባዋ ብቻ ጻፍ ብለሻልና ከጀልባዋ ልጀምር።

ጅራቷ ቀሎ አየር ላይ ወጥቷል። ነፋሱ ጅራቷን ሲገፋው አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ ይዞራል። ከጅራቷ ሥር በገመድ የምትወርድ ትንሽ ክንፍ ሠርቼላት ነበር። ገመዷ ከፊተኛው መቀመጫ ቀኝ ጎን ነው። አልወርድ ካለች አሸዋ ይዟታል፤ ውሃ እያፈሰስሽ አነቃንቂያት። ከጎን ነፋስ ሲመጣ እስከ ግማሽ አውርጃት። ሙሉ በሙሉ ካወረድሻት ደግሞ ወደ ድሮው አመሏ ትመለሳለች። መቀመጫውን አንድ ቀዳዳ ወደ ኋላ ውሰጂው። ለመዳፍሽ ቅቤ ሳይሆን የሻማ ሰም ቀቢ።

አሁን ሒሳቡን ስሚኝ። አሥር ኪሎ ውሃ ከፊት ወደ ኋላ አዛውረሽ፣ መቀመጫም መልሰሽ፣ ጀልባዋ አሁንም ወደ ፊት ካዘነበለች ከኋላ ቢያንስ አሥራ ሁለት ኪሎ ጠፍቷል። እኔ በዚህ አልሳሳትም፤ እንጀራዬ ነው። ያልተነካ ጭነት ደግሞ ራሱን አይቀንስም። ጨው ቢሆን ይሟሟል፤ ጨው ግን መደገፊያ አይጠይቅም።

ስለዚህ እንዲህ አሰብኩ። በጥቅምት የጫንሽው ሌላ፣ በጥር የጫንሽው ሌላ ነው። በጥቅምት ወፍራም ሰው፣ በጥር ቀጭን ሰው። ሰው ደብቀሽ እያሻገርሽ ነው። ማን እንዳግባባሽ አላውቅም፤ ግን አንቺን የሚያሳስሩሽ በኔ እጅ በተሠራች ጀልባ ነው፣ እኔም ከአጫጫኑ ጀምሬ ሳስተምርሽ ከርሜያለሁ። እትዬ ይህን ብትሰማ ምን ትላለች? ወይስ ሰምታ ነው ዝም ያለችው?

ልደብቅሽ አልችልም። በከተማው ወደብ ላይ ላለው ዘበኛ፣ አብሮ አደጌ ነው፣ ጻፍኩለት። መለሰልኝ። «በየማክሰኞው ረፋድ ላይ ረጅሟ ጀልባህ ትመጣለች። ከኋላ ፊቱን በሻርፕ የጠቀለለ ሰው ተቀምጧል። ልጅቱ ደግፋ ታወጣውና በዕቃ ጋሪ ላይ አስቀምጣ በጓሮ በር ይዛው ትሄዳለች። ከሰዓት ይመለሳሉ» ይላል። ሻርፑን ገልጦ እንዲያይና እንዲነግረኝ ጠይቄዋለሁ። ስታነቢው ትናደጂብኛለሽ። እስር ቤት ሆነሽ ከምትመርቂኝ ቤትሽ ሆነሽ ብትረግሚኝ ይሻለኛል።

አጎትሽ


መጋቢት 6 ቀን

ለአጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዘበኛዎ ሥራውን ከሠራ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ፣ ይሏታል ጅግራ። እንኳን ደስ አለዎ፤ ጅግራዋ ተይዛለች።

የሆነውን ልንገርዎ። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ወደቡ ላይ ደርሰን ጀልባዋን ሳስር ያ ሰው ደረጃው ላይ ቆሞ መንገዱን ዘጋው።

«ከኋላ ያለው ማነው?» አለኝ።

«ቤተሰብ ነው።»

«ቤተሰብ ከሆነ ለምን ይሸፈናል? ግለጪው።»

«ታማሚ ነው፣ አባባ፤ ቀጠሮ አለን፣ ያሳልፉን።»

«ታማሚ በጓሮ በር ይገባል? ታዝዣለሁ። ግለጪው አልኩ።»

ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ጥለው መሰብሰብ ጀመሩ። እኔ በእሱና በጀልባዋ መሐል ቆሜ ስለምን፣ ከኋላዬ «ተይው ልጄ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሻርፑን ራሷ ፈታችው። ፀጉር የሌለው ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ አየችውና፣ «ማን ነው ያዘዘህ? ወንድሜ ነው?» አለችው።

ሰውየው እማዬን በስሟ ጠርቶ ኮፍያውን አወለቀ። እሷም «እንግዲህ አይተሃል፣ ንገረው» ብቻ አለችው።

ይኸው ነው ጭነቱ፣ ጋሼ። በጥቅምት ስልሳ አንድ ኪሎ ነበረች። መጨረሻ በታከመችበት ቀን የሆስፒታሉ ሚዛን ላይ አርባ ሰባት ወጣች። የሚሟሟውን ነገር አሁን አወቁት።

ሕመሟ የታወቀው ክረምት ላይ ነው። ሐኪሙ «በየሳምንቱ መድኃኒቱን በደም ሥር መውሰድ አለባት» ሲለን የሞተር ጀልባው ቆሟል። በአራተኛው ቀን የመጋዘኑን ቁልፍ አመጣችና «አውርጃት። እሱ ግን አይስማ። ከሰማ ሁለተኛ እግሬን አላነሳባትም» አለችኝ። ሻርፑም የጓሮ በሩም የእሷ ሐሳብ ነው፤ የደሴቱ ሰው «የወንድሟ ጀልባ ላይ ወጣች፣ መሐላዋን በላች» እንዳይል። እኔ ምን ላድርግ? ብነግርዎ ሕክምናዋ ይቀራል፣ ባልነግርዎ ጀልባዋ ትሸሻለች። ስለዚህ ዋሸሁ። ስዋሽ ደግሞ እንደ ስፌቴ አላማረልኝም።

ያን ዕለት ሆስፒታል ስንደርስ መድኃኒቱን የምትሰጠው ነርስ ተራችንን ለሌላ ሰጥታለች። ሳንታከም ተመለስን። እማዬ ወደቡ ላይ የድንጋይ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጀልባዋ ላይ አልወጣም አለች። ሁለት ሰዓት ሙሉ። «እየመዘነኝ ነበር፤ ባሕር ማዶ ሆኖ እንደ ሥጋ እየመዘነኝ ነበር» ትላለች። በመጨረሻ ነፋሱ ሲበረታ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ያኔ ተነሳች።

ክንፏን አውርጃት ብለው የጻፉልኝ ገና አልደረሰኝም ነበርና በአንድ ወገን ብቻ ቀዝፌ አመጣኋት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀጠሮ አልፏል። አልሄደችም።

አሁን ተራዬ ነው፣ እኔ ልጠይቅዎ። በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ላይ «ጅራቷ ከብዶ እንዳትወጪ፣ ምክር ሳይሆን ልመና ነው» ብለዋል። እኔ አባቴ ባሕር ላይ ስለሞተበት ቀን የማውቀው «ነፋስ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ያንን የነገሩን እርስዎ ነዎት። ሰው ስለሚያውቀው ነገር ነው የሚለምነው። ምን ያውቃሉ?

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 20 ቀን

ለመርፌ፣

ሰላምታ አላውቅበትም ዛሬ። ደብዳቤሽን ገንዳው ዳር ጀመርኩት፣ የጨረስኩት ግን የመሣሪያ ክፍሉ ውስጥ በሩን ዘግቼ ነው። አለቃዬ አንኳኩቶ አንኳኩቶ ሄደ።

የጠየቅሽኝን ሳላሳምር እነግርሻለሁ። ይህን ለእትዬ አንብቢላት። ሸፍኜ ከኖርኩት የሚብስ ነገር ስለሌለ አንድም ቃል አትዝለይ።

አባትሽ ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን ተጣልተን ነበር። ጠብ እንኳ አይባልም። በሰው ፊት «የአናጢው ጀልባ ለከብት ውሃ ማጠጫ ገንዳ ትሆናለች» ብሎ ቀለደ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን በላኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለት የመኪና ባትሪ ለጥገና ወደ ከተማ ሊወስድ በሠራሁለት ጀልባ ሲነሳ እኔ ባሕሩ ዳር ሳንቃ እላግ ነበር። ሁለቱንም ባትሪ የኋላ ጓዳ ውስጥ አስገብቷል። ጅራቷ እስከ ክዳኑ ሰምጧል፤ አፍንጫዋ ሰማይ ታያለች። ነፋሱ ከደሴቱ ወደ ክፍቱ ባሕር ነበር። እኔ ያቺን ጀልባ ሠርቻለሁና ምን እንደምትሆን አውቃለሁ። ነፋሱ ከበረታና መመለስ ካማረው አፍንጫዋ እንደማትዞርለት አውቃለሁ። አየኋት። እሱም ማየቴን አየ። «አንዱን ወደ ፊት አድርገው» ማለት አምስት ቃል አይሞላም። አኩርፌ ነበር። «ይሂድ፣ ረጥቦ ተመልሶ ጀልባዬን ይጠይቀኝ» አልኩ በልቤ። መላጊያዬን አንስቼ ሥራዬን ቀጠልኩ።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። በልቅሶው ላይ እትዬ «እጅህ የሠራው ነገር ገደለው» ስትለኝ አልመለስኩም። ጀልባዬ ደህና ነበረች፤ ሰው ሁሉ ጀልባዬን ሲረግም ግን ለኔ መደበቂያ ሆነኝ። የተሳሳተ አናጢ መባል ዝም ያለ ሰው ከመባል ይሻል ነበር። ከዚያ አገር ጥዬ ወጣሁ። እዚህ መጥቼ ለማላውቀው ሰው ሁሉ «ከኋላ ከብዷል» እያልኩ እኖራለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

አንቺን የጠረጠርኩሽም ለዚህ ነው መሰለኝ። የሚደብቅ ሰው የሚደብቅ ሰው አያጣም።

እትዬ በኔ ጀልባ ላይ አልወጣም ካለች አትፍረጂባት። ግን ጀልባዋ ምንም አላጠፋችም በያት። እኔ ነኝ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 9 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኛ እንዳለን አለን።

ደብዳቤዎን አነበብኩላት። በማግሥቱ ማክሰኞ ነበር። ሳልቀሰቅሳት ተነስታ ሻርፗን ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ፤ ጭንቅላቷ ላይ ግን አልጠቀለለችውም፣ አንገቷ ላይ ጣል አደረገችው። የፊተኛው መቀመጫ ላይ ልቀመጥ አለች። «እየቀለልኩ ከሄድኩ ፊት ብሆን ምን ይለኛል?» አለች። ጀሪካኖቹን ወደ ፊት ጓዳ አዛውሬ ከኋላ ሆኜ ስቀዝፍ እሷ ውሃውን እጇን ሰድዳ እየነካች ሄደች። ዘበኛው ደረጃውን ወርዶ እጁን ሰጣት። ያዘችለት።

ስንመለስ የጎን ነፋስ ተነሳ። ገመዷን ከፊት እማዬ ይዛ ክንፏን እስከ ግማሽ አወረድናት፤ እንዳሉት አሸዋ ይዟት ነበር። ጀልባዋ ቀጥ ብላ መጣች።

ሐኪሙ ከመጪው ሁለት ሳምንት በኋላ በየሳምንቱ መምጣት እንደማያስፈልገን ነግሮናል። ምን ማለቱ እንደሆነ እሷም አልጠየቀችውም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ድንገት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ስለ አየሩ ማውራቱ ግን አላማረኝም።

ዛሬ ከሰዓት «ወረቀት አምጪና ጻፊ» አለችኝ። እንደተናገረችው ይኸው፤ አላሳመርኩትም።

«ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ልጄ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። ሁለተኛውን ያነበበችው እኔ ያልሰማሁ መስሏት ነው። እኔ ግን ያልሰማሁትን ነገር አልጻፍክልኝም።

ያን ቀን ጠዋት ባሌ ኮፍያውን ረስቶ ከባሕሩ ዳር ተመልሶ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ‹ወንድምሽ የጀልባዋን ጅራት አየና ዝም አለኝ፤ አኩርፏል› ብሎ ሳቀ። ‹ከብዷል እንዴ?› አልኩት። ‹ትንሽ› አለኝ። ‹እንግዲያው አንዱን ባትሪ ተወው› የሚል ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ድስት እያማሰልኩ ነበር። እኔም ያን ሰሞን በሌላ ነገር አኩርፌዋለሁ። ኮፍያውን አቀበልኩትና ወደ ድስቴ ዞርኩ።

ይኸው ነው። አንተ አየህ፣ እኔ ሰማሁ፣ እሱ ራሱ አወቀ። ሦስት አኩራፊ።

አሥራ አምስት ዓመት ጀልባህን የረገምኩት እሷ መልስ ስለማትሰጥ ነው። አንተን ብረግምህ አንድ ቀን ‹አንቺስ?› ትለኝ ነበር። እንዳትለኝ ፈርቼ አባረርኩህ። ስትሄድም ደስ አለኝ፤ ያን ደስታዬን ነው እስከ ዛሬ ይቅር ያላልኩት።

አሁን ና። ይቅርታ ልትጠይቅ ብለህ ከሆነ ግን እዚያው ቅር፤ እኔም የምጠይቅበት ትንፋሽ የለኝም። ደጃፉ ላይ ሁለት ወንበር አለ። ባሕሩን እያየን ዝም ብለን እንቀመጣለን። ዝም ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እንችልበታለን።

እህትህ»